ነጋድራሱና የኬላዋ ገመድ

ባለፈው ወር ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ የሄድኩት በአውቶቡስ አይደለም፤ በሙዝ መኪና ነው። ጋቢና ውስጥ በሾፌሩና በረዳቱ መሀል ተጣብቄ። ከኋላችን ገና አረንጓዴ ሳለ የተቆረጠ ሙዝ እስከ አፉ ተጭኗል፣ ከላይ ቅጠል ለብሷል። ሾፌሩ ሌሊቱን ሙሉ ያማረረው ነዳጅ ወይም ጎማ አልነበረም፤ ገመድ ነው። መንገድ ላይ የምትወጠረዋን ገመድ ማለቴ ነው። አንደኛዋ ጋ ደረሰኝ ይሰጡታል። ሁለተኛዋ ጋ ያ ደረሰኝ እዚህ አይሠራም ይሉታል። ሦስተኛዋ ጋ ደረሰኝ የሚባል ነገር ራሱ የለም፤ ብሩን ሰጥቶ ማለፍ ነው። የት የት እንደሆነ ስም አልጠራም፤ መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሙዝ ደግሞ ወረቀት እስኪመረመር ቆሞ አይጠብቅም፤ ይበስላል።

ያን ሌሊት ስልኬ ላይ አንድ ፒዲኤፍ ከፍቼ ነበር። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። ስለ ንግድና ስለ ቀረጥ የሚያወራው ክፍል ላይ ሆኜ ቀና ስል ፊት ለፊታችን ገመድ ተወጥሯል። ሳቄ መጣ። ሾፌሩ ግን አልሳቀም።

መጽሐፉ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ይባላል። ደራሲው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ብዙዎች የአገራችን የመጀመሪያው የኢኮኖሚ ሊቅ ይሏቸዋል። እኔ ግን ኢኮኖሚክስ ተምሬ ስመረቅ ስማቸውን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አልሰማሁም። ስለ አዳም ስሚዝ ፈተና ተፈትኛለሁ፣ ስለ ኬንስ ጥናት አቅርቤያለሁ። እኚህን ሰውዬ ያገኘኋቸው ሥራ ፈት ሆኜ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ቴሌግራም ላይ ነው።

በነገራችን ላይ አንቱ ማለቱ ራሱ ትንሽ ይከብደኛል። ሲሞቱ 33 ዓመታቸው ነበር። የእኔ ታላቅ ወንድም ማለት ናቸው። ቢሆንም ነጋድራስ ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ። ልጅነታቸው ላይ ግን አንተ ብል ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ማይ ምሻም ተወለደ። ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው አባቱ መተማ ላይ ሞተ። አፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁበት የ1881ዱ ጦርነት ነው። ያ ዘመን ክፉ ቀን የሚባለው ነው። የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፣ በሬ ሲያልቅ ማረስ ቀረ፣ ማረስ ሲቀር ሰው ተራበ። ልጁም በሰባት ዓመቱ ገደማ ወደ ባሕሩ ተሰደደና ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ከነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ደረሰ።

ከዚያ የሚተረከው ፊልም ነው የሚመስለው። ከጓደኞቹ ጋር ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ለማየት ይገባል፤ መርከቡ ሲነሳ እሱ እዚያው ይቀራል። ካፒቴኑ መልሶ አልጣለውም። ኦስትሪያ ውስጥ ላሉ ሀብታም ቤተሰብ ሰጠው፣ እነሱም አሳደጉት፣ አስተማሩት። ጀርመንኛ አፉን የፈታበት ያህል ሆነ፣ ሕክምናም ተማረ። የአድዋው ልጅ ጎልማሳ ሆኖ ወደ አገሩ ሲመለስ አማርኛን እንደ አዲስ መማር ነበረበት። በኋላ የጻፈውን አማርኛ ላነበበ ሰው ይሄ አይታመንም። ቀጥ ያለ ነው፤ የቤተ መንግሥት ጌጥ የለበትም። ምናልባት እንደዚያ ቀጥ ያለው በኋላ የተማረው ስለሆነ ይሆናል፤ ይሄ የኔ ግምት ነው።

አፄ ምኒልክ ዘንድ አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኑ። ንጉሡ ሲታመሙ ግን ቤተ መንግሥቱ በሹክሹክታና በጥርጣሬ ተሞላ። ጀርመንኛ የሚናገር ወጣት ደግሞ ለመጠርጠር የሚመች ነው። ሱዳን ተሰደዱ፣ ቀጥሎ ኤርትራ ገቡ፣ ታመሙ። በሕመማቸው ጊዜ የጻፉት አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የሚለው ጽሑፍ አስመራ ውስጥ ብርሃን ይሁን በተባለ መድበል ወጣ። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ስደተኛ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ይተቻል። ተችቶም አያቆምም፤ መደረግ ያለበትን ይዘረዝራል። የንጉሡ የግል ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ። ግብር ልኩ ይታወቅ፣ በገንዘብም ይከፈል። አንድ ገንዘብ፣ የተጻፈ ሕግ፣ ትምህርት ቤት፣ የሃይማኖት ነፃነት፣ ሥርዓት ያለው ቀረጥ።

ዝርዝሩን ስታነቡት አንድ ነገር ይገርማችኋል። ጀግንነት የሚጠይቅ ነገር የለበትም። የሚጠይቀው መዝገብ፣ ሚዛን፣ ደሞዝና ደረሰኝ ነው። የጸሐፊ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሐሳብ የጻፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምን ይሆናል? ወይ ይታሰራል፣ ወይ ሚኒስትር ይሆናል፣ ወይ እንደኔ ብሎግ እየጻፈ ይቀመጣል። ነጋድራሱ ግን ሥራውን ሂድና ሥራው ተባሉ። በመስከረም 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ዘውዲቱ ንግሥት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። አዲሱ መንግሥት ገብረ ሕይወትን መጀመሪያ የባቡር መስመሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎ የድሬዳዋ ነጋድራስ አደረጋቸው።

እዚህ ጋ የአርባ ምንጭ ሰው ሆኜ አንድ ነገር ልበል። ድሬዳዋን በታሪክ ሳነብ የራሴን ከተማ የማነብ ይመስለኛል። ሐረር ደጋ ላይ የተቀመጠች የጥንት ከተማ ናት። ባቡሩ ያን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከሥሩ፣ ቆላው ላይ፣ በ1895 ገደማ አዲስ ከተማ በቀለ። ጨንቻም ደጋ ላይ ናት፣ ብርዷ አጥንት ይገባል፤ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ነበረች። በ1950ዎቹ መቀመጫው ወደ ቆላው፣ ወደ ሐይቆቹ ዳር ሲወርድ አርባ ምንጭ ተወለደች። ሁለቱም ከተሞች ሙቅ ናቸው፣ ሁለቱም ላዩ ያለውን አሮጌ ከተማ ቀምተዋል፣ ሁለቱም ደግሞ ለሁለት ተከፍለዋል። የኛ ሴቻና ሲቀላ አላት። የድሬ በደቻቱ አሸዋ ተከፍላ በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላው መጋላ። ከዚራን የባቡሩ ሰዎች በመስመር ቀየሷት፤ መጋላ ገበያው ያለባት ናት። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ሴቻና ሲቀላ አንድ ማዘጋጃ ቤት ነው ያላቸው። በዚያን ጊዜዋ ድሬዳዋ ግን የባቡር ኩባንያው ራሱን የቻለ ጌታ ነበር።

ነጋድራስ ማለት በቃሉ የነጋዴዎች አለቃ ነው። በተግባር ግን ማዘጋጃ ቤት፣ ጉምሩክና የንግድ ፍርድ ቤት ተጠቅልለው አንድ ሰው ሆነው ማለት ነው። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣውን ዕቃ ማስፈተሽ፣ ቀረጥ ማስከፈል፣ ገበያ ላይ የተጣሉትን ማስታረቅ፣ ካልታረቁ መፍረድ። ባለጉዳዩ ሐበሻ ብቻ አይደለም። ሕንዱ፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩ አለ። ጠዋት በር ላይ የሚቆመው ሰው የዛሬውን ማዘጋጃ ቤት ኮሪደር አስቡና በአምስት ቋንቋ አባዙት።

ጊዜው ደግሞ መጥፎ ነበር። ዓለም በጦርነት ላይ ናት። አገር ውስጥ የልጅ ኢያሱ መውረድ ሰገሌ ላይ በጥቅምት 1909 ብዙ ደም አፍስሷል፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት ሐረር ሳሉ ስለነበር ግርግሩ ለድሬዳዋ የጎረቤት ነገር ነው። በዚያው ዓመት ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ለአገር ደስታ ነው። ለድሬዳዋ ግን ሌላ ነው። እስከዚያ ድረስ ዕቃው ከባቡር ወርዶ በቅሎና ግመል የሚጠብቅባት ከተማ ናት፤ የሚኖሩባትም ከዚያ የሚያተርፉ ናቸው። ባቡሩ አልፎ ሲሄድ ትርፉም አብሮ ተሳፈረ። መናኸሪያ ከሰፈራችሁ ሲነሳ የሻይ ቤቶቹን ዕጣ ያየ ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልገውም።

ገንዘቡስ? የሚሠራበት ጠገራ ብር ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት። ያደጉበት አገር ንግሥት ሳንቲም ላይ ሆና ጠረጴዛቸው ላይ ትቆለላለች። ግን ጠገራው የሚመታው ቪየና ነው፣ ቪየና ደግሞ ጦርነት ውስጥ ናት፤ የብር ዋጋም በዓለም ገበያ እየወጣ ነው። በውጭ አገር ማዕድን ዋጋ የሚወጣና የሚወርድ ገንዘብ ይዞ ግብር መሰብሰብ ምን ማለት እንደሆነ፣ ዶላር በጠፋ ቁጥር የዘይት ዋጋ ሲዘል ያያችሁ ሁሉ ትገምታላችሁ።

እኔን በጣም ያናደደኝ ግን ይሄ ነው። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለውን ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከ100 ከ10 በላይ ቀረጥ መጣል አትችልም። በመጠጥ ላይ ደግሞ ከ100 8 ብቻ! ልብ በሉ፤ ጨርቅ የሚያስገባው 10 ሲከፍል ሻምፓኝ የሚያስገባው 8 ይከፍላል። ሌሎቹ የውጭ መንግሥታትም የዚሁ ውል ተጠቃሚ ሆኑ። የውጭ አገር ሰው ከተከሰሰ ነጋድራሱ ብቻቸውን አይፈርዱም፤ ቆንስሉ አለበት። እንግዲህ ከኢትዮጵያ ዋና የገቢ በር ላይ የተቀመጠው ሰው፣ በአማርኛ ስለ ቀረጥ ከማንም የበለጠ ያሰበው ሰው፣ የቀረጡን ልክ መወሰን አይችልም። በውጭው ነጋዴ ላይ እጁ ታስሯል። እጁ ያልታሰረው በማን ላይ ነው? ከየገጠሩ ቆዳና ቡና ይዞ በሚመጣው የአገሬው ነጋዴ ላይ ነው። መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው ኬላ የሚያበዛውም በእሱ ላይ ነው። የሙዙ መኪና ሾፌር ነገሩን ባያነበውም ያውቀዋል።

የመጽሐፋቸው ዋና ሐሳብ ከዚህ ሥራ የተቀዳ ይመስለኛል። ቀለል አድርጌ ላስረዳ። ሁለት ሕዝቦች ሲገበያዩ የሚለዋወጡት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ሰዓትም ነው። ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሰው በአንድ ቀን የሚሠራውን፣ ባዶ እጁን ያለው በብዙ ቀን ይሠራዋል። ስለዚህ በገበያ ላይ እኩል የሚመስለው ልውውጥ ውስጡ እኩል አይደለም፤ አንደኛው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን የአንድ ቀን ሥራ ይወስዳል። ይህ ሲደጋገም ያላወቀው ሕዝብ፣ ማንም በጦር ሳይገዛው፣ ለሌላው አዳሪ ይሆናል። ባቡር ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል እንጂ አይቀየርም፤ አገር ውስጥ የሚሠራ ነገር ከሌለ ባቡሩ የሚያፈጥነው የሰው ዕቃ ነው። ላቲን አሜሪካዊው ራውል ፕሬቢሽ ለዚህ ሐሳብ የቀረበ ነገር ጽፎ ዓለምን ያነጋገረው በ1940ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ነው። ነጋድራሱ ካለፉ ከ30 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፕሬቢሽን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ።

ይህን ሐሳብ ሳነብ የማስበው ዶርዜን ነው። የጋሞ ሸማኔ ጥበቡን ይዞ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከሰፈረ ትውልዶች አልፈዋል። ነጋድራሱ ድሬዳዋ ላይ ሲያስፈትሹ ከነበረው ዕቃ አንዱ አቡጀዲ ነው፣ በማሽን የተሠራ የውጭ ጨርቅ። ዛሬ ደግሞ ጥለቱ ሳይቀር በማሽን ታትሞ ይገባል። አንድ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሳምንት የሚደክምበትን፣ ማሽኑ ሰውዬው ቡና እስኪጠጣ ይጨርሰዋል። ሸማኔው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ነጋድራሱ የሚሉት ይህንኑ ነው፦ መልሱ ሸማኔውን መስደብ ወይም ጨርቁን ማቃጠል ሳይሆን ዕውቀት ማስገባት፣ መሣሪያ ማስገባት፣ ነጋዴውን በየበሩ አለማድማት። ጃፓን ይህን ማድረጓን ያውቁ ነበር፤ ደጋግመው ያስቡባታል።

በሁሉም እስማማለሁ ማለት አይደለም። ሕዝቦችን ያወቁና ያላወቁ ብለው ሲከፍሉ ሚዛኑ ከአውሮፓ የመጣ ነው። በዚያ ሚዛን የጋሞ ዱቡሻ የት ይገባል? እኛ ጋ ማዘጋጃ ቤት ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ሣር ላይ ተቀምጠው ስለ ግጦሽ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ዕርቅ እስኪስማሙ ይነጋገሩ ነበር፤ ዛሬም ይነጋገራሉ። ሃላቃ ለመሆን ሀብት ማከማቸት አይበቃም፤ ለሕዝብ መደገስ፣ ሀብቱን መበተን አለ። ይህም አስተዳደር ነው፤ ያውም ደሞዝ የሌለው። ነጋድራሱ ቪየናን አይተው ነበር፣ በርሊንን አይተው ነበር፤ ዱቡሻን ቢያዩ ኖሮ አንድ ምዕራፍ ይጨምሩ ነበር ብዬ አስባለሁ። ምናልባት ለነሱ መዳላቴ ሊሆን ይችላል።

በኅዳር 1911 የዓለሙ ወረርሽኝ አገራችንን ክፉኛ መታ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ጭስ የምናጨሰው የዚያ ትዝታ ነው። ያ ዓመት ሳያልቅ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት አረፉ። ሥራው ላይ የቆዩት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ነው። ሐውልት የሚያሠራ ድል የላቸውም፤ ከዚያች ድሬዳዋ የቀረልን የወረቀት ክምር ነው። ወረቀቱን ወዳጃቸው ጳውሎስ መናመኖ ጠበቀው። በ1916 አዲስ አበባ ውስጥ በራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤት ታተመ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ለማንበብ እስከ 1987 መጠበቅ ነበረበት። የድሬዳዋን የነጋድራስነት ወንበር ደግሞ በኋላ ማን ያዘው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት። በአንዲት የቆላ ከተማ የቀረጥ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እንዲህ ያሉ ጸሐፊዎች ተፈራርቀዋል።

ይህን ሁሉ ለምን ጻፍኩ? አንድ ጓደኛ አለኝ። አብረን ነው የተመረቅነው፣ ያውም በውጤት ይበልጠኛል። አሁን በአንዲት ትንሽ ከተማ የገበያ ቀረጥ ይሰበስባል። የደረሰኝ ጥራዝ ይዞ በቲማቲምና በሽንኩርት መሀል ይዞራል። እናቶች ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ልጅ ያለው ዕቃውን ደብቅ ይለዋል። ሰፈር ሲመጣ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ቢሮ ነው ይላል። ኢኮኖሚክስ ተምሮ ጎመን የሚቆጥር እየተባለ ተቀልዶበታል፣ እኔም አንዴ ቀልጄበታለሁ። አሁን ሳስበው ያፍረኛል። ከተማዋ መብራት የምታስጠግነው፣ ቦይ የምታስጠርገው፣ የጥበቃ ደሞዝ የምትከፍለው እሱ በሚሰበስባት ሳንቲም ነው። ጊዜው ሲከፋ ደግሞ ሰብስብ የሚባለው መጠን ይጨምራል እንጂ ገበያው ላይ ያለው ጎመን አይጨምርም።

ፒዲኤፉን ላክሁለት። ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ማታ ረጅም የድምፅ መልእክት ላከ፤ ከኋላው ገበያ ሲበተን ይሰማል። መጽሐፉን ግማሽ ድረስ አንብቦታል። አንዲት እናት ቡላ ይዘው መጥተው በጠዋት ከፍለው፣ አልሸጥ ብሏቸው ከሰዓት ወደ ሌላኛው የገበያ በር ሲዞሩ እንደገና ክፈሉ ተባሉ። የጠዋቱን ደረሰኝ አሳዩት። ያኛው በር የሌላ ሰው ነው፤ አሠራሩ በየበሩ ነው። ለአለቃው ነግሮ አንድ ደረሰኝ ለሁሉም በር እንዲሠራ ሐሳብ ማቅረብ ይፈልጋል። ደብዳቤ እንድጽፍለት ነው የጠየቀኝ፤ ኢኮኖሚክሱ ሳይበዛበት፣ በአንድ ገጽ። ይህን ጽሑፍ ስጨርስ እሱን እጀምራለሁ።